ሻማው ለምን ይቅለጥ?

መምህር እንደ ሻማ ቀልጦ ያበራል እያልን በየበዓሉ እናጨበጭባለን። ለመሆኑ ሰውን ስለ መቅለጡ ማመስገን ተገቢ ነውን?

በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲዘጉ እኛ ተማሪዎች ስለ ፈተናችን ተጨነቅን፤ ደመወዛቸው የተጓደለባቸው የግል ትምህርት ቤት መምህራን ግን የቤት ኪራይ እያሰሉ እንቅልፍ አጥተው ያድሩ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ትምህርት በፈረቃ ሲጀመር ደግሞ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ ያንኑ ትምህርት ለየፈረቃው እየደገሙ፣ በሽታውን ለአረጋውያን ወላጆቻቸው እንዳይወስዱ እየሰጉ አስተማሩ። (የእኛን ሙቀት በር ላይ የሚለኩትም በአንዳንድ ትምህርት ቤት እነርሱው ነበሩ!)

መምህር ምን ጊዜም ጠንካራ መሆን አለበት የሚሉ አሉ። እንዲህ ከተባለማ የጨነቀው መምህር ለማን ይናገር? «እርስዎስ እንዴት ከረሙ?» ብሎ መጠየቅ ክብራቸውን የሚቀንስ አይመስለንም።