ዋስ የሌለው ሠርግ

ልጆቼ፣ ሠርግ በሚበዛበት በዚህ ወቅት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አዳራሾች የማየውን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ስለ አዳራሹ ኪራይ ውድነት፣ አሥር ሰዓት ተብሎ ማታ ሁለት ሰዓት ስለሚጀመረው ፕሮግራም፣ በሙሽሮች ራስ ላይ ስለሚያንዣብበው ድሮን ብዙ ማለት ይቻላል፤ እሱን ግን ሌላ ሰው ይናገረው። እኔን የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር ነው፦ የሚያጋባችሁን ሰው እንደ ፎቶ አንሺና እንደ ዲጄ በሰዓት ሒሳብ መቅጠራችሁ።

በቅርቡ አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ጥሩ ኦፊሺያንት ያውቃሉ?» ብሎ ደወለልኝ። ክርስትና ሲነሣ የነበርኩበት ልጅ ነው። «ንስሐ አባትህስ?» ብለው ሳቀና «እኛ እንኳ የራሳችን ዓይነት እንዲሆን ነው የምንፈልገው» አለኝ። የራሳቸው ዓይነት እንዴት እንደሚሠራም በደስታ አስረዳኝ። ቅጥረኛው አጋቢ መጠይቅ ይልካል፦ የት ተገናኛችሁ? መጀመሪያ ማን ደወለ? እሷን የሚያናድዳት የእሱ ጠባይ ምንድን ነው? ከመልሱ የሃያ ደቂቃ ንግግር ያዘጋጃል፤ ሁለት ቦታ ላይ ያስቃል፣ አንድ ቦታ ላይ ያስለቅሳል፣ ያስፈርማል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል።

እንዲህ ያለ ሠርግ ላይ ተቀምጬ አይቻለሁ። አጋቢው የሙሽራውን አባት ስም መጥራት አቅቶት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ተወው። አባትየው በታክሲ ሹፌርነት ያሳደገው ልጅ ሠርግ ላይ እንደ ማንኛውም ታዳሚ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ያጨበጭብ ነበር። ምርቃት የተሰጠው ከእራት በኋላ፣ ሕዝቡ ሲተራመስ፣ ዲጄው ድምፅ ሲሞክር ነው። የመድረክ መሪው ጠጋ ብሎ «አባባ፣ ሦስት ደቂቃ» አለው። ለማያውቀው ሰው ሃያ ደቂቃ፣ ለአባት ሦስት ደቂቃ! አባትየው ማይክሮፎኑን ይዞ ትንሽ ቆመና «እግዚአብሔር ይባርካችሁ» ብሎ ወረደ። ስንት ዓመት ያጠራቀመውን ምርቃት ይዞት ወረደ።

«ሕጉ ይፈቅዳል» ትሉኛላችሁ። ይፈቅዳል። እንዲያውም በዋሽንግተን ዲሲ ሕግ ሁለቱ ተጋቢዎች ያለ ማንም አጋቢ ራሳቸውን ማጋባት ይችላሉ። የመንግሥት ጉዳይ ፈቃድ፣ ፊርማና መዝገብ ነው፤ ከዚያ በኋላ በቤታችሁ ስለሚሆነው አይጠይቅም። የሚገርመው ግን የቨርጂኒያ ሕግ ነው፦ ካህን ወይም ፓስተር ያልሆነ ሰው ሊያጋባ ሲፈልግ ፍርድ ቤት ቀርቦ የ500 ዶላር ዋስትና ግዴታ እንዲገባ ያደርጋል። በኢንተርኔት በደቂቃዎች ውስጥ ቅስና የሚያድለውን ዩኒቨርሳል ላይፍ ቸርች የሚባለውን ድርጅትም የዚያው ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1974 አገልጋዮቹ ለማጋባት ብቁ አይደሉም ብሎበታል። እንግዲህ ፈረንጅ እንኳ ዋስ ሲጠይቅ እናንተ ዋስ የሌለው ሠርግ ትደግሳላችሁ።

አባቶቻችን ሁሉ በተክሊል ነበር የሚያገቡት ብዬ አልዋሻችሁም። አብዛኛው ሰው የሚጋባው በሰማንያ ነበር፤ ካህን ማድረግ ያለበት ነገር አልነበረም። ነገር ግን ሰማንያ ሽማግሌ ነበረው፣ ምስክር ነበረው፣ ከዚህም ከዚያም ወገን ዋስ ይጠራ ነበር። በንጉሥ ስም ይማላል፣ የሁለቱም ከብትና ገንዘብ በሰው ፊት ይነገራል። የዛሬው የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግም፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው ማለቴ ነው፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸመውን ጋብቻ እኩል ያውቃል፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚጋባም ከየወገኑ ሁለት ሁለት ምስክር ያቀርባል። በየትኛውም መንገድ ቢኬድ የሚያውቃችሁ ሰው ከአጠገባችሁ ይቆማል። ብቻውን የሚጋባ ሰው አልነበረንም።

እኔና ባለቤቴም በሰማንያ ነው የተጋባነው፤ የቆረብነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በእሷ ወገን ዋስ የነበሩት አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ንግግር የማያበዙ፣ ሲቀመጡ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ የሚያጋድሙ ሰው። በሠርጋችን ዕለት ምን እንዳሉ ዛሬ አንዲት ቃል አላስታውስም። የማስታውሰው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ተጣላንና እሷ አኩርፋ አባቷ ቤት ሄደች። ነሐሴ ነው፣ ዝናቡ አላቋርጥ ብሏል፣ ወንዙ ሞልቷል። ማንም ሳይልክባቸው አዛውንቱ በጭቃው ውስጥ ዱላቸውን እየተደገፉ መጡ። መደብ ላይ ተቀመጡ። እናቴ እንጀራ አቀረበች፤ ገፋ አድርገው «ቃሌ መሬት ወድቆ እህል አልቀምስም» አሉ። ማን ጥፋተኛ ነው ብለው አልጠየቁም። ጋቢያቸው ሳይደርቅ እኔን አስከትለው ያንኑ መንገድ ተመለሱ፤ የባለቤቴ አባት ቤት ስንደርስም ከበር አልፈው አልገቡም፤ ባለቤቴ እስክትወጣ ዝናብ ላይ ቆሙ። ወጣች። እህል የቀመሱት ያን ዕለት ማታ፣ እኛ ቤት፣ ሁለታችን አብረን ስናጎርሳቸው ነው። ነፍሳቸውን ይማር። ዛሬም ባለቤቴ ስታኮርፍ «አዛውንቱ ዝናብ ላይ ናቸው» እላታለሁ፤ ትስቃለች።

አሁን ልጠይቃችሁ። ያ መጠይቅ የላከላችሁ ሰውዬ በሌሊት ብትደውሉለት ያነሣል? ለምንስ ያነሣል? ውሉ ያለቀው በፊርማው ነው። ቃል ስትገቡ የሰማችሁ እሱ ነው፤ ቃሉ ሲፈርስ ግን ማን እንደሆናችሁ እንኳ አያስታውስም፤ በሳምንቱ ሌላ ሙሽራ አለው። እናንተ ደግሞ ስትጣሉ የምታገኙት የጓደኛ ቴክስትና የጠበቃ ስልክ ነው። ወላጆቻችሁ ይምጡ እንዳትሉ፣ በሠርጉ ቀን ታዳሚ አድርጋችኋቸዋል፤ ታዳሚ ደግሞ በሰው ትዳር አይገባም።

«ተክሊል ረዥም ነው፣ ግዕዙ አይገባንም፣ ደግሞ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነው» ስትሉ እሰማለሁ። ግዕዙ ላልገባችሁ ካህኑ ከቀኑ በፊት ቁጭ አድርገው እንዲያስረዷችሁ ጠይቁ፤ ደስ ብሏቸው ያደርጉታል። አንድ ዓይነት መሆኑ ግን ክብሩ ነው። ካባው፣ ቀለበቱ፣ ቅብዐ ቅዱሱ፣ አክሊሉ ለሀብታምም ለድኃም አንድ ነው። በእናንተ ራስ ላይ የሚጸለየው ጸሎት ከእናንተ በፊት በማታውቋቸው ስንት ትውልዶች ላይ ተጸልዮአል። የራሳችሁ ታሪክ ከሁለት ዓመት በፊት ቡና ቤት ውስጥ የጀመረ ቢሆን፣ ቤተ ክርስቲያን ከቃና ዘገሊላ ጀምሮ ካለው ታሪክ ጋር ታያይዘዋለች። ይህ አነሰን ብላችሁ ነው?

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር፤ ሽማግሌ ካላለው ማንም አይለውም። ብዙዎቻችሁ ከካህኑ የምትሸሹት ርዝመቱን ፈርታችሁ አይደለም። ተክሊል በድንግልና ለቆዩ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ አብራችሁ መኖር ጀምራችኋል፤ «ምን ይሉናል» ብላችሁ ነው። ልጆቼ፣ ለዚህም መንገድ አለ። ንስሐ ገብቶ፣ ተዘጋጅቶ በቅዱስ ቁርባን መጋባት አለ። ንስሐ አባት ያላችሁ ለዚህ ነው። በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ በኀፍረት ምክንያት ወደማያውቃችሁ ቅጥረኛ መሸሽ ኀፍረቱን አያጠፋውም፤ ያስቀምጠዋል እንጂ። ከሌላ ሃይማኖት ሰው ጋር የምትጋቡም ብትሆኑ ቢያንስ ለካህኑ ቀድማችሁ ንገሩ።

ስለ ቀኑ። ብዙዎቻችሁ ለሠርግ የምትመርጡት ጁንና ኦገስትን ነው። ጾመ ሐዋርያት ከጰራቅሊጦስ ማግስት ጀምሮ እስከ ሐምሌ 5 ይዘልቃል፤ ስለዚህ እንደ ዓመቱ የጁን ከፊሉ ወይም አብዛኛው ጾም ነው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው። በጾም ቤተ ክርስቲያን አታጋባም። አዳራሹን ለስምንት መቶ ሰው ይዛችሁ፣ ቀብድ ከፍላችሁ ካበቃችሁ በኋላ ካህኑ «ቀኑ ጾም ነው» ሲሏችሁ ትቆጣላችሁ፤ ከዚያ «እንግዲያው ኦፊሺያንት እንቀጥር» ይመጣል። ጥፋቱ የተሠራው ቀብድ በከፈላችሁበት ቀን ነው።

ስለ ወረቀቱም ተጠንቀቁ። የጋብቻ ፈቃድ የሚወጣው ሥርዓቱ ከሚፈጸምበት ግዛት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ዲሲ፣ አዳራሹ ቨርጂኒያ ከሆነ፣ የምትፈራረሙበትን ቦታ አስቀድማችሁ ወስኑ። የሜሪላንድ ፈቃድ ከወጣ በኋላ እስከ ሁለተኛው ቀን ጠዋት አይጸናም፤ የቨርጂኒያው በ60 ቀን ያልቃል። ካህኑም በዚያ ግዛት ለማጋባት የተመዘገቡ መሆናቸውን ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ደግሞ የራሳችሁን አታድርጉ ብዬ አልከለከልኩም። ታሪካችሁን ተናገሩ፣ እርስ በርስ ደብዳቤ ተነባበቡ፣ ሳቁ፣ አልቅሱ፤ መልስና ቅልቅል ለዚህ አይደል? ሚዜዎቻችሁን ምረጡ፣ የሚወዷችሁን ይዛችሁ ጨፍሩ። ብትፈልጉ ያንን የሚናገር ሰው ለመድረክ ቅጠሩት፤ አንደበቱ ይጠቅማል። ነገር ግን ሽማግሌ ላኩ፤ ወላጆች አስቀድመው እሺ ቢሉም ላኩ። ሽማግሌ የሚላከው ለፈቃድ ብቻ አይደለም፤ ነገ ነገር ሲበላሽ የሚመለስበት ሰው እንዲኖር ነው። ለአባትና ለእናት ምርቃት ከእራት በፊት፣ ሕዝቡ ጸጥ ብሎ ሲቀመጥ ጊዜ ስጡ፤ አማርኛ የማይሰማ ወገን ካለ ከእናንተ አንዱ እየተረጎመ። ሰዓትም አትያዙባቸው።

ወደ ቀድሞው ነገሬ ልመለስ፤ ሽማግሌ ሲመክር ይደጋግማል፣ ታገሱኝ። የሚያጋባችሁን ሰው ስትመርጡ ስለ ድምፁ፣ ስለ እንግሊዝኛው፣ ስለ ቀልዱ አትጠይቁ። ሁለታችሁ ለብቻችሁ ቁጭ ብላችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ብንጣላ ይህ ሰው ይመጣል ወይ? የማይመጣ ከሆነ ይናገር፣ ይዝፈን፣ ፎቶ ያንሣ፤ ማጋባት ግን የእሱ ሥራ አይደለም። የሚመጣ ሰው ካላችሁ፣ ንስሐ አባት ይሁን የቤተሰብ ሽማግሌ፣ አዳራሽ ሳትፈልጉ በፊት ደውሉለት።