አዲስነት በመርማሪ ፊት

አንድ ነገር በእውነት አዲስ ሊሆን ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ያልተቋጨ ነው። ፓርሜኒዲስ ከምንም ምንም ሊገኝ አይችልም ከሚል ተነሥቶ ለውጥን እስከ መካድ ደረሰ። የመጽሐፈ መክብብ ጸሐፊ፣ ሰው አዲስ አመጣሁ የሚለው ያለፈውን ስለረሳ ነው ባይ ነው። ቶማስ አኩዊናስ ደግሞ ካለመኖር ወደ መኖር ማምጣትን ለፈጣሪ ብቻ ሰጥቶ ለሰው ያለውን ማቀናበርን ተወለት። የፓተንት ጽሕፈት ቤት ይህን ክርክር ሊያሳድረው አይችልም። ማመልከቻ ይቀርብለታል፣ መርማሪ ይመደባል፣ መልሱም አዎ ወይም አይደለም ነው። መልሱ አዎ ከሆነ አመልካቹ ሌሎች በሥራው እንዳይጠቀሙ ለተወሰነ ዘመን የመከልከል መብት ያገኛል።

ጽሕፈት ቤቱ ከፈላስፎቹ ይልቅ ቀላል የሚሆንለት «አዲስ»ን ከነገሮች ባሕርይ አውጥቶ በሰነዶች መካከል ስላስቀመጠው ነው። በአሜሪካ ሕግ፣ በጥቅሉ፣ ከማመልከቻው ቀን በፊት የታተመ፣ የተሸጠ ወይም በሌላ መንገድ ለሕዝብ የተገለጠ አንድ ምንጭ አመልካቹ ይገባኛል ያለውን ዝርዝር በሙሉ ከያዘ ሥራው አዲስ አይደለም፤ ከዝርዝሩ አንዲት ነጥብ ብትጎድል አዲስ ነው። የታተመበት ቋንቋም ሆነ አገር ለውጥ አያመጣም። እንዲህ የተተረጎመ አዲስነት ግን ሁልጊዜ በአንድ ቀንና በአንድ ክልል የታጠረ ነው። በ1474 የወጣው የቬኒስ ሕግ (ዘመኑ በዚህ ጽሑፍ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የጠየቀው በሪፐብሊኩ ግዛት ውስጥ ከዚያ በፊት ያልተሠራ መሆኑን ብቻ ነበር። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 123፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1987ቱ፣ በውጭ አገር ፓተንት ያገኘና ዘመኑ ያላለፈ ነገር ግን በኢትዮጵያ ያልተመዘገበ ፈጠራን ወደ አገር ለሚያስገባ ሰው የሚሰጥ የተለየ ፓተንት አለው። እዚያ ያረጀው እዚህ አዲስ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሕጉ ይህን ሲል አያፍርም፤ ዓላማው ዕውቀቱ ሥራ ላይ እንዲውል ነው እንጂ ስለ ዓለም ታሪክ መመስከር አይደለም።

ይህ አሠራር ምን ያህል እንደሚያስኬድና የት ላይ እንደሚሰናከል ለማየት የአሜሪካ ፓተንት ቁጥር 9,679,258 ጥሩ ምሳሌ ነው። ርእሱ የሪኢንፎርስመንት ለርኒንግ ዘዴዎችና መሣሪያ የሚል ነው። ፈጣሪ ተብለው የተመዘገቡት በለንደኑ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ድርጅት በዲፕማይንድ ይሠሩ የነበሩት ቮሎዲሚር ምኒህና ኮራይ ካቩክቹኦሉ ሲሆኑ፣ ፓተንቱ በሰኔ 2017 ለጎግል ተሰጠ። የመጀመሪያው ማመልከቻ የገባው በጥቅምት 2013 ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ፣ አንድ ፕሮግራም የአታሪ የቪዲዮ ጨዋታዎችን ከስክሪኑ ምስልና ከነጥቡ ብቻ ተነሥቶ እንደተማረ የሚገልጽ የዲፕማይንድ ጽሑፍ ወጣ። በጥር 2014 ጎግል ዲፕማይንድን ገዛ፤ በየካቲት 2015 የተሟላው ጥናት ኔቸር በተባለው መጽሔት ታተመ።

ሪኢንፎርስመንት ለርኒንግ በሽልማትና በቅጣት መማር ነው። ፕሮግራሙ አንድ ሁኔታ ያያል፣ አንድ እርምጃ ይመርጣል፣ ነጥብ ያገኛል ወይም ያጣል፣ ወደሚቀጥለው ሁኔታም ይሻገራል። ትክክለኛውን መልስ የሚነግረው አስተማሪ የለም። ስለዚህ ሊገምተው የሚገባ አንድ ቁጥር አለ፦ ከዚህ ሁኔታ ተነሥቶ ይህን እርምጃ ቢወስድ እስከ መጨረሻው ምን ያህል ሽልማት ይሰበስባል? ሪቻርድ ቤልማን በ1950ዎቹ እንዳሳየው የዛሬው ዋጋ አሁን በእጅ በሚገባው ሽልማትና በነገው ዋጋ ድምር ይገለጻል፤ የነገው ግን በመጠኑ ይቀነሳል። ክሪስ ዋትኪንስ በ1989 በኬምብሪጅ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ይህን ግምት ከልምድ ብቻ የሚያርም ዘዴ አወጣ፤ ኪው-ለርኒንግ ይባላል። ሎንግ-ጂ ሊን በ1992 ያለፉ ልምዶችን በማኅደር አስቀምጦ ደጋግሞ መማርን ጨመረ። በዚያው ዓመት የአይቢኤሙ ጄራልድ ቴሳውሮ ኒውራል ኔትዎርክን (ከምሳሌዎች ግምት የሚማር የሥሌት መዋቅር) ከዚህ ዓይነት ትምህርት ጋር አገናኝቶ ባክጋሞን በከፍተኛ ብቃት የሚጫወት ፕሮግራም አቀረበ። በ2005 ማርቲን ሪድሚለር የተጠራቀመ ልምድን በኒውራል ኔትዎርክ ላይ በዙር በዙር የሚያሠለጥን ዘዴ አሳተመ። መርማሪ ቀደምት ዕውቀት ብሎ የሚሰበስበው እንዲህ ያለውን ክምር ነው።

ፓተንቱ ከዚህ ክምር በላይ ምን ይገባኛል አለ? የመጀመሪያው አንቀጽ ባጭሩ ይህን ይላል፦ ከአንድ ሥርዓት የተሰበሰበ የልምድ መረጃ ይገባል፤ ሁለተኛ የተባለ ኒውራል ኔትዎርክ በመረጃው ይሠለጥናል፤ የሚታረምበት ዒላማ የሚወጣው ግን አንደኛ ከተባለው ኔትዎርክ ነው፤ አንደኛው ደግሞ ከሁለተኛው ይታደሳል። ስለ አታሪም ስለ ምስልም በዚህ አንቀጽ የተነሣ ነገር የለም። ሁለት ኔትዎርክ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። አንድ ኔትዎርክ በራሱ ግምት ራሱን ሲያርም፣ እርማቱ ግምቱን ይለውጠዋል፣ ግምቱ ሲለወጥ ዒላማውም ይሸሻል፤ ጥላውን ለመርገጥ እንደሚሮጥ ሰው ነው። ሥልጠናው ከመረጋጋት ይልቅ ሊበተን እንደሚችል ጆን ፂፂክሊስና ቤንጃሚን ቫን ሮይ በ1997 ባወጡት ጥናት ተንትነውታል። የዲፕማይንድ መፍትሔ የኔትዎርኩን ግልባጭ ለጊዜው ቆሞ እንዲቆይ ማድረግ ነው። በኔቸሩ ጥናት ግልባጩ የሚታደሰው በየ10,000 እርማቱ ነበር።

ፍልስፍናው ሳይጠራ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በሪድሚለር ዘዴ በእያንዳንዱ ዙር ዒላማዎቹ የሚሰሉት ባለፈው ዙር ከነበረው ኔትዎርክ ነው፤ ከዚያ ኔትዎርኩ በእነዚያ ዒላማዎች ይሠለጥናል፤ ቀጣዩ ዙርም እንዲሁ። ታዲያ ያለፈው ዙር ኔትዎርክ «አንደኛው»፣ የአሁኑ «ሁለተኛው» ሊባል አይችልም? ሊባል ይችላል የሚል፣ የ2005ቱን ሥራ ከይገባኛል አንቀጹ ጋር በጣም ያቀራርበዋል። አይባልም የሚል ደግሞ፣ በዚያ ያለው በሁለት ጊዜ የታየ አንድ ነገር ነው፣ በፓተንቱ ግን በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ነገሮች አሉ ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ ሄራክሊተስ ስለ ወንዙ፣ ግሪኮች ሳንቃው ሁሉ ስለተለወጠው የቴሴዎስ መርከብ ካነሡት ጋር አንድ ነው፦ በጊዜ ውስጥ የተለወጠ ነገር አንድ ነው ወይስ ሁለት? ሊቃውንት ለዘመናት ያላቋጩትን ይህን ጉዳይ አንድ መርማሪ ለተቆጠረ ሰዓት ሥራ በተመደበለት ፋይል ላይ እየፈረመ ያልፈዋል። ይህ የመርማሪው ጥፋት አይደለም። የይገባኛል አንቀጽ የሚጻፈው በቃላት ነው፤ ቃላት ደግሞ የነገሮችን ቁጥር ሳይወስኑ ሊያልፉ አይችሉም።

ሥራው አዲስ ቢባል እንኳ ሁለተኛ ፈተና ይጠብቀዋል፦ በዘርፉ ተራ ችሎታ ላለው ሰው ግልጽ መሆን የለበትም። ይህ ሰው የሕግ ፈጠራ ነው። የታተመውን ሁሉ እንዳነበበ ይቆጠራል፤ ነገር ግን ሊቅ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1966 በግራሃም ጉዳይ ቀደምት ዕውቀቱ፣ ልዩነቱና የዘርፉ የችሎታ ደረጃ እንዲመዘኑ አዘዘ። በ2007 በኬኤስአር ጉዳይ ደግሞ ይህ ምናባዊ ሰው ተራ የፈጠራ ችሎታም እንዳለው፣ እንደ ማሽን የታዘዘውን ብቻ የሚያደርግ እንዳልሆነ አሳሰበ። የሚመረመረው ነገር ራሱ የሚማር ማሽን ሲሆን ማሳሰቢያው ትንሽ ያስፈግጋል።

ዋናው አደጋ ነገሩ ከተደረገ በኋላ ማየት ነው። መፍትሔው ከተነገረ በኋላ ሁሉም መንገድ ወደ እሱ የሚወስድ ይመስላል። ፕላቶ በሜኖን ላይ ያነሣው እንቆቅልሽ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ የማያውቁትን መፈለግ እንዴት ይቻላል ይላል። መርማሪው ግን ያወቀውን እንዳላወቀ ሆኖ መፈለግ አለበት፣ ይህም ይበልጥ ይከብዳል። ከዚህ የሚታደገው የተለካ ውጤት ነው፤ የኔቸሩ ጥናት ደግሞ ይህን አላሳጣም። ብሬክአውት በተባለው ጨዋታ ሁለቱም ዘዴዎች፣ ማለትም የሊን የልምድ ማኅደርና የቆመው ግልባጭ፣ ሲኖሩ ውጤቱ 316.8 ሆነ፤ ማኅደሩ ብቻውን ሲኖር 240.7፤ ግልባጩ ብቻውን ሲኖር 10.2፤ ሁለቱም ሲነሡ 3.2። በዚህ ጨዋታ ሸክሙን የተሸከመው የ1992ቱ ሐሳብ ነው ያሰኛል። ሲክዌስት ላይ ግን ማኅደሩ ብቻውን 822.6፣ ግልባጩ ብቻውን 1003.0፣ ሁለቱ ባንድነት 2894.4 አስገኙ። እዚህ አንዱ ያለ ሌላው የሚፈይደው ጥቂት ነው። በአንድ ድርጊት ውስጥ የትኛው ክፍል ምን እንደሠራ የሚሰጠው መልስ በየጨዋታው ከተለያየ፣ ፈጠራው የቱ ጋ እንዳለ በጣት ማመልከት ከባድ ነው።

የተገኘው ነገር ተፈጠረ ወይስ ታወቀ የሚለው ጥያቄም አለ። የቤልማን ቀመር ሰው ባያስበውም እውነት ነበር የሚል የፕላቶ ወገን፣ በእሱ ላይ የተመሠረተ ሥሌትን ባለቤት የሌለው እውነት አድርጎ ያየዋል። ሕጎችም ወደዚህ ያዘነብላሉ። የአውሮፓ ፓተንት ስምምነት የሒሳብ ዘዴን በራሱ ፈጠራ አይለውም፤ የኢትዮጵያው አዋጅ ግኝትን፣ የሒሳብ ዘዴንና የኮምፒውተር ፕሮግራምን አያካትትም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1972 በቤንሰን ጉዳይ የቁጥር አጻጻፍን የሚለውጥ ሥሌት ፓተንት እንዳያገኝ ከለከለ፣ በ2014 በአሊስ ጉዳይ ደግሞ ረቂቅ ሐሳብን በኮምፒውተር ማስኬድ ብቻ እንደማይበቃ ወሰነ። በ2025 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በሬሴንቲቭ ጉዳይ የታወቀን ማሽን ለርኒንግ ወደ አዲስ መስክ ማዛወር ብቻውን መብት አያስገኝም አለ። በእነዚህ ውሳኔዎች ውስጥ ያለው መሥመር ቀጥ ያለ አይደለም፤ የሚማረው ዘዴ ራሱ ሲሻሻል ተቀባይነቱ ሰፋ ይላል፣ ዘዴው እንዳለ ሆኖ የሚሠራበት ነገር ብቻ ሲለወጥ ይጠባል።

ከሁሉ በላይ የሚገርመው ግን ፓተንቱና የሚመለከተው ሳይንስ ለአንድ ጥያቄ ሁለት ተቃራኒ መልስ መስጠታቸው ነው። ማርቪን ሚንስኪ በ1961 ባሳተመው ጽሑፍ የምስጋና ድልድልን የሚማር ማሽን ዋና ችግር አድርጎ አነሣው፦ ረጅም ጨዋታ በድል ወይም በሽንፈት ካለቀ በኋላ፣ ከተወሰዱት ብዙ እርምጃዎች ለየትኛው ምን ያህል ድርሻ ይሰጥ? የሪኢንፎርስመንት ለርኒንግ መልስ ምስጋናውን ወደ ኋላ ማፍሰስ ነው። የመጨረሻው እርምጃ ከሽልማቱ አጠገብ ስለሆነ ብቻ ሁሉንም አይወስድም፤ ቀድሞ መንገዱን የከፈተው እርምጃም በየዙሩ ዋጋው ከፍ ይላል። የፓተንት ሕግ ግን ምስጋናውን በሙሉ ለመጨረሻው እርምጃ ይሰጣል። ከዚያ በፊት የነበሩት ቤልማን፣ ዋትኪንስና ሊን በሕጉ ዓይን የሕዝብ ሀብት ናቸው፤ ማንም ይወስዳቸዋል፣ ማንም አይከፍልባቸውም። የሕጉ ምክንያት ተግባራዊ ነው፤ ወደ ኋላ የሚቆጠር ድርሻ መቼም የማያልቅ ሒሳብ ይሆናል፣ መብቱም የታሰበው ላለፈው ለማመስገን ሳይሆን ቀጣዩ ሰው ሥራውን እንዲገልጥ ለማትጋት ነው። ምክንያቱ በቂ ሊሆን ይችላል። ፍትሕ ነው ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ልዩነቱ በስሞቹ ቁጥርም ይታያል። የኔቸሩ ጥናት 19 ደራሲዎች አሉት፤ ከእነርሱ አንዱ የ2005ቱን ዘዴ ያወጣው ሪድሚለር ራሱ ነው። የፓተንቱ ፈጣሪዎች ሁለት ናቸው። ይህ ስሕተት አይደለም፤ ደራሲነት በሥራው መሳተፍን፣ ፈጣሪነት የይገባኛል አንቀጹን ሐሳብ ማፍለቅን ስለሚጠይቁ ነው። የጥቅስ አገልግሎትም በሁለቱ ይለያያል። በኔቸሩ ጥናት መጨረሻ የዋትኪንስ፣ የሊንና የሪድሚለር ሥራዎች የተዘረዘሩት ዕዳ ለመመስከር ነው። በፓተንት ሰነድ ላይ የሚዘረዘር ቀደምት ሥራ ግን የሚጠቀሰው አመልካቹ ሊወስደው የማይችለውን መሬት ለማመልከት ነው። ያው ስም በአንዱ ወረቀት ባለውለታ፣ በሌላው የድንበር ድንጋይ ነው። ማመልከቻው ራሱ ከታተመበት ቀን አንሥቶ ከድንበር ድንጋዮቹ አንዱ ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ኔትዎርክ ይዞ የሚመጣ አመልካች ሁሉ ከእሱ የሚለይበትን ነጥብ ማሳየት ይጠበቅበታል።