የጫካ ሰላምታ

ዙሪክ የሚኖሩ ከሆነ ኡትሊበርግን ያውቁታል። ከፍታው 870 ሜትር ያህል ነው፤ ከዋናው ጣቢያ በባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በጥር ብርድ በጫካው መንገድ ሽቅብ ሲሄዱ የሚያገኙት ሰው ጥቂት ነው፤ ያገኙት ሁሉ ግን «ግሩኤጺ» ይልዎታል። ከጄኔቭ አጠገብ፣ ድንበር ተሻግሮ በሚገኘው የሳሌቭ ተራራ ደግሞ «ቦንዡር» ነው። ያው ሰው ታች ትራም ውስጥ አጠገብዎ ተቀምጦ ቀና ብሎ አያይዎትም።

ይህን አይተን «ፈረንጅ ፍቅሩ ለተራራ ነው» ብለን ለመፍረድ እንቸኩላለን። እስቲ ወደ ራሳችን እንመለስ። በገጠራችን መንገደኛ ሳይጠያየቅ አይተላለፍም፤ ጅብ አለ፣ ወንዝ ይሞላል። አዲስ አበባ አውቶቡስ ውስጥ ግን ለተሳፋሪው ሁሉ እጅ የሚነሳ ሰው ቢያዩ ጤንነቱን ይጠራጠራሉ።

በረዶ ላይ ተንሸራተው እግርዎ ቢሰበር የሚደርስልዎ ያ መንገደኛ ነው። ታዲያ ሰላምታው ከመፈላለግ የተወለደ ከሆነ ዋጋው ይቀንሳል? ለእኔ አይቀንስም። ከተማ መፈላለጋችንን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ደግነት የምንለውም አብዛኛው ይህንኑ ማወቅ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የስዊስ ፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 699፣ ጫካው የግል ቢሆንም እንኳ ማንም ሰው እንደ አካባቢው ልማድ እንዲገባበት ይፈቅዳል፤ የመኖሪያ ወረቀት አይጠይቅም። ሰላም ተባባሉ የሚል ግን አልተጻፈበትም። ወረቀቱን የሚጠባበቅ ወገናችን፣ ሳምንቱን በመዝገብ ቁጥር ሲጠራ ሰንብቶ፣ ቅዳሜ ጫካ ውስጥ ከማያውቃቸው ባልቴት «ግሩኤጺ» ሲባል ቆም ይላል። ሰኞ እኒያው ባልቴት ትራሙ ላይ ቢሳፈሩ ማን ይቅደም? እርስዎ ቢሆኑ ቀድመው ይሉ ነበር?