አገር የማይሰጥበት ጥያቄ

«እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ መመለስን ያልተማረ ልጅ በአገራችን ማግኘት ያስቸግራል። መልሱ የጠፋው ልጅ አገር ይሰጣል፤ ጎንደርን ይሰጣል፣ ሐረርን ይሰጣል። ጠያቂውም በተሰጠው አገር ገብቶ ሲንደላቀቅ ቆይቶ መልሱን ይነግረዋል። ጨዋታው ደስ ይላል። ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንበል፤ በእንቆቅልሽ ጊዜ መልሱ ከመጀመሪያው ጀምሮ በጠያቂው ኪስ ውስጥ ነው።

በትምህርት ቤቶቻችን ጥያቄ የሚባለው በአብዛኛው ይኸው እንቆቅልሽ ነው እላለሁ። አስተማሪው ይጠይቃል፤ ልጁም ፊት ፊቱን እያየ በኪሱ ያለውን ይገምታል። ከዚህ ሌላ ልጅ የሚያውቀው ጥያቄ ቢኖር የምርመራው ነው፤ «የት ነበርክ?»፣ «ብርጭቆውን ማን ሰበረው?» የሚለው። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ያደገ ልጅማ «መስቀለኛ ጥያቄ» ብሎ ስሙን ሳይቀር ይነግራችኋል። ጠያቂው ራሱ መልሱን ሳያውቅ የሚጠይቀው ሦስተኛ ዓይነት ጥያቄ አለ፤ ፍልስፍና የሚጀምረው ከእርሱ ነው። ለመሆኑ ይህን ለስምንትና ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ማስተማር ይቻላል ወይ? ቢቻልስ ይገባል ወይ?

ይቻላል ያሉ አሉ። አሜሪካዊው ማቲው ሊፕማን በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተምር ነበር። ማመዛዘንን በዩኒቨርሲቲ መጀመር በጣም መዘግየት እንደሆነ ስለታየው በ1974 እ.ኤ.አ. በኒው ጀርሲ፣ በሞንትክሌር ስቴት ኮሌጅ የልጆች ፍልስፍና ተቋም አቋቋመ። ዘዴው ቀላል ነው። ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ ለዚሁ ተብሎ የተጻፈ ልብ ወለድ ተራ በተራ ድምፃቸውን አሰምተው ያነባሉ፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄ የሚያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ አስተማሪው እያንዳንዱን ጥያቄ ከነጠያቂው ስም ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። የመጀመሪያው ልብ ወለድ ባለታሪክ ሃሪ ስቶትልማየር ይባላል። ስሙን ፈጠን ብላችሁ ብትጠሩት አርስቶትል ከውስጡ ብቅ ይላል። (ፈረንጅ ሰምና ወርቅ አያውቅም ያለው ማነው?)

እኛስ? ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ የሚባለው ኮርስ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጋራ ኮርስ ሆኗል። አሥራ ሁለት ዓመት «ዝም በል» ሲባል የኖረ ሰው በአንድ ሴሚስተር «በል ተናገር» ይባላል፤ ፈተናው ደግሞ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ነው። ታላላቆቻችን የፕላዝማውን ዘመን ያወሩልናል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ሲሰጥ፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ መልሱን ራሱ ተናግሮ ይቀጥላል። እጅ ወጣ አልወጣ ቴሌቪዥኑ ምን ያያል! እንቆቅልሽ ከዚህ ይሻላል፤ ቢያንስ አገር ይጠየቃል።

«ባህላችን አይፈቅድም» የሚል ክርክር ሁልጊዜ ይነሳል። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የምንል ሰዎች ስለሆንን ክርክሩ መሠረት የለውም አልልም። ግን ቅኔ ቤትም የዚሁ ባህል ልጅ ነው። የቅኔ ተማሪ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፣ የቆጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው፤ የትናንቱን ዛሬ መድገምም አያስመሰግንም። መምህሩ ያርማል፣ ያቃናል፤ ነገር ግን ተማሪው ምን ይዞ እንደሚመጣ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። ገና አልተፈጠረማ!

ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብንም እንውሰድ። ጸሐፊው የ17ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱም ሊቅ ነው ወይስ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ኢጣሊያዊ ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ክርክር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ካነሳው ወዲህ አላበቃም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር ለዘርዓ ያዕቆብ ቆመው ተከራክረዋል። ማንም ይጻፈው፣ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው መምህር መጻሕፍትን ሲተረጉም ፈረንጆች እንዲህ ይላሉ፣ ግብጻውያን እንዲህ ይላሉ እያለ የሁለቱንም ያቀርብ ነበር እንጂ አይፈርድም ነበር። ውጤቱስ? ሁለቱም ወገኖች ጠሉት፤ ተከሰሰ፤ ወደ ዋሻ ሸሸ። መልሱን በኪሱ ሳይዝ ስላስተማረ ዋጋውን የከፈለው እርሱ ራሱ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

«ውይይት» የሚለው ቃልም ሸክም አለበት። በደርግ ዘመን የኖሩ ሰዎች የውይይት ክበብ ሲባል ብዙዎቹ የሚያስታውሱት መደምደሚያው አስቀድሞ የተዘጋጀ ስብሰባ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ግን ቀልደኛ ነውና፣ ተሳፋሪ ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥባቸውን ታክሲዎች «ውይይት» ብሎ ሰየማቸው። ከሁለቱ ለቃሉ የቀረበው ታክሲው ይመስለኛል። የክፍላችን ዴስክ ሁሉ ወደ ሰሌዳው የዞረ ነው፤ ልጅ ቀኑን ሙሉ የሚያየው የጓደኛውን ማጅራት ነው።

እኔና ሁለት ጓደኞቼ ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ልጆች እናስጠናለን። አንድ ቀን ሒሳቡ ሲያልቅ «የሚከነክናችሁን ጠይቁ» አልናቸው። አንዲት ልጅ «አከራያችን ሲመጣ እማዬ ‹የለችም በይው› ትለኛለች። የዋሸሁት እኔ ነኝ ወይስ እሷ?» አለች። መልሱ በማንኛችንም ኪስ አልነበረም። አንዱ «ውሸቱ የእናትሽ ነው፣ ድምፁ ግን ያንቺ ነው» አላት። ሌላው ቀበል አድርጎ «ቢያስወጣቸውስ? መንገድ ላይ ሆነው እውነት ቢናገሩ ማን ይሰማቸዋል?» አለ። «ታዲያ እናቷ ራሷ ወጥታ ለምን አትዋሽም?» አለች አንዲቷ፤ ሁሉም ዝም አሉ። የመጀመሪያው ልጅ ቆይቶ «ድምፅም እኮ እምቢ ማለት ይችላል፣ ግን ትመታለች» ብሎ ሐሳቡን ለወጠ። «ታዝዤ ነው» የሚለውን መከላከያ የኑረምበርግ ዳኞች በ1945 እና በ1946 እ.ኤ.አ. ሲመዝኑት ከርመዋል፤ እነዚህ ልጆች ዘንድ በአከራይ በኩል መጣ።

በሳምንቱ የልጅቷ እናት መጡ። «ልጆቼ፣ እናንተ ጠይቃችሁ ትሄዳላችሁ፤ ከሷ ጋር የማድረው እኔ ነኝ። ሰውዬው በር ላይ ቆሞ ‹አልዋሽም› አለችኝ» አሉን። ይህን ኋላ ቀርነት ነው ብሎ ማለፍ ለእኛ ለተማሪዎች በጣም ይቀናናል። እኔ ግን ሴትዮዋ የጉዳዩን እምብርት የነኩ ይመስለኛል። የዘርዓ ያዕቆብን ዋጋ መምህሩ ከፈለ፤ የእኛን ዋጋ ግን ልጅቷና እናቷ ከፈሉ። ስለ ልጆች ውይይት የሚጽፉ ሰዎች ስለ ክቡ ብዙ ይነግሩናል፤ ልጁ ከክቡ ወጥቶ ወደ ቤቱ ስለሚሄድበት መንገድ ግን ብዙም አይሉም።

ታዲያ እንተወው? አይደለም። ጥያቄው ከእኛ አልመጣም፤ ልጅቷ በር በከፈተች ቁጥር ለብቻዋ ተሸክማው ኖራለች። ብቻዋን መሸከሟ ይሻል ነበር የሚል ካለ ይምጣና ይንገራት። ግን ልጅን ጠይቅ የሚል አስተማሪ እርሱም ሊጠየቅ ይገባል። «ቲቸር፣ አርፍደን ስንመጣ ትቀጣናለህ፣ አንተ ስታረፍድስ?» የሚል ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ከነስሙ ካልተጻፈ ክቡ የይስሙላ ነው። ግብረ ገብ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለአንደኛ ደረጃ ተመልሷል፤ ልጁ «መዋሸት መጥፎ ነው» ብሎ ደብተሩ ላይ ገልብጦ ከአሥር አሥር ካገኘበት ግን ያው እንቆቅልሽ ነው፤ አከራዩም በር ላይ እንደቆመ ነው።

ከ50 በላይ ልጅ ባለበት ክፍል ክብ አይሠራም ለሚሉኝ፣ እውነት ነው፣ አይሠራም። ግማሹ ውስጥ ተቀምጦ ሲነጋገር ግማሹ ዙሪያውን ቆሞ ሊሰማ፣ ከዚያም ሊለዋወጥ ይችላል፤ ጫጫታውን መቻል ነው። እናትየዋን ቅዳሜ መጥተው አብረውን እንዲቀመጡ ለምነናቸዋል። «አያለሁ» ብለውናል። ልጆቹ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ አሉ። ከእናንተም መምጣት የሚፈልግ ቢኖር በሩ ክፍት ነው፤ ወንበር ስለሚያንሰን ግን የምትቀመጡበትን ይዛችሁ ኑ።