የተሸራረፈው ሲኒ

ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። የእጅን ሥራ እያከበሩ ሠሪውን መናቅ ይቻላል? “አይቻልም” ለማለት አትቸኩሉ። እኔ በገዛ ቤቴ፣ በልጆቼ ፊት፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን አድርጌአቸዋለሁ።

መጋቢት 2012 ዓ.ም.ን ታስታውሳላችሁ። በወሩ 4ኛ ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ፤ በ7ኛው ቀን ደግሞ ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን እንዲዘጉ ተወሰነ። ያ 15 ቀን ወራት ወለደ፤ ተማሪዎች ደረጃ በደረጃ ወደ ክፍል መመለስ የጀመሩት በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ያኔ ገና ልጆች ነበራችሁ።

እኛ ፎንቆ ነበርን። እኔም መምህር ነኝና ቤቱን ትምህርት ቤት ላደርገው ተነሣሁ። የጊዜ ሰሌዳ አዘጋጅቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ፤ በሬዲዮ የሚተላለፈውን ትምህርት እንዲከታተሉ ልጆቼን አስቀመጥኳቸው። በአራተኛው ቀን የስድስት ዓመቱን ወንድ ልጄን ደብተሩ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። “ሰነፍ” አልኩት። ይህን ቃል ከዚያ በፊትም ብዙ ጊዜ ብየዋለሁ።

ያዳነችን እናቴ ናት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ልጆቹን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። እንሰቱ ሲፋቅ ቃጫው ከቆጮው እንዴት እንደሚለይ አሳየቻቸው። ቃጫው ታጥቦ በፀሐይ ሲደርቅ፣ እያከረሩ ገመድ ማድረግን አስተማረቻቸው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሣርና ወስፌ አምጥታ ስፌት አስጀመረቻቸው። ያ “ሰነፍ” ያልኩት ልጅ ቀለሙ መቼ እንደሚቀየር ለማወቅ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እያለ ይቆጥር ጀመር። በደብተር እምቢ ያለውን ብዜት በስፌት ተማረው። ሰነፍ አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ በአንድ በር ብቻ እንዲገባ ያስገደድኩት።

ቀጥሎ ልጆቹ ጭቃ አማራቸው። ከወንዝ ዳር ሸክላ አፈር አምጥተው በሬ ሠሩ፣ ጀበና ሠሩ፤ እሳት ውስጥ ሲከቱት ግን እየፈነዳ ተሰባበረ። የአሥር ዓመቷ ልጄ፣ “አባዬ፣ በገበያ ድስት የሚሸጡትን እናት ለምን አንጠይቃቸውም?” አለችኝ። ሐሳቡን ወደድኩት። ሴትዮዋን በገበያ ቀን አግኝቼ ለመንኳቸው፤ መጡ።

ከዋርካው ሥር ተቀመጡና የልጆቹን ስብርባሪ አንሥተው አዩ። “አልደረቀም” አሉ። ውስጡ እርጥብ የሆነ ሸክላ እሳት ሲነካው እርጥበቱ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ መውጫ ሲያጣ ያፈነዳዋል። ስለዚህ ሸክላ በጥላ ቀስ ብሎ ይደርቃል እንጂ አይቸኮልበትም። አፈሩ ብቻውን እንደማይበቃም አሳዩን፤ አሮጌ ገል ተወቅጦ፣ ደቅቆ ከአዲሱ ጋር ይቦካል፤ ያን ጊዜ ሲደርቅ አይሰነጠቅም፣ እሳትም ይችላል። ከዚያ ያለ ምንም መሣሪያ፣ በእጃቸው ብቻ፣ ጭቃውን እየጠቀለሉና እየደራረቡ የድስት አፍ አወጡ። በለስላሳ ድንጋይ አሹት፤ አበራ። ልጆቼ ትንፋሻቸውን ይዘው ያዩ ነበር። እኔም ኮሌጅ በተማርኩባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ጥሩ መምህር ብዙ አላየሁም።

ቡና ተፈላ። አንድ ጎረቤታችንም መጥቶ ተቀምጦ ነበር። ሲኒዎቹን ከመደርደሪያ ያወረድኩት እኔ ነበርኩ። ማንም ሳያዘኝ፣ ሳላስብበትም፣ እጄ ወደ ጥግ ሄዶ እጀታ የሌለውን፣ አፉ የተሸራረፈውን ሲኒ አነሣና ለእኚያ እናት ሰጠ። “ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች” የሚባለው ተረት በቤቴ እውነት ሆነ።

ማታ ልጄ ጠየቀችኝ፤ “አባዬ፣ አስተማሪያችን ለምን በተሰበረው ጠጡ?”

“ኮሮና ነው፤ ጥንቃቄ ያስፈልጋል” አልኳት።

“ጎረቤታችንስ?” አለች።

መልስ አልነበረኝም። ጎረቤታችን የጠጣው እኛ በምንጠጣበት ሲኒ ነበር።

ወጣቶች ሆይ፣ በሐዲያና በከምባታ ምድር ያደገ ሰው ይህን ሲኒ ያውቀዋል። ሸክላ የሚሠሩትን፣ ቆዳ የሚያለፉትን፣ ብረት የሚቀጠቅጡትን የምንጠራበትን ስምም ያውቀዋል፤ ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ቆጮ የምናበስልበት ምጣድ የእነርሱ ነው፤ አተካና የሚቀርብበት ሸክላ የእነርሱ ነው፤ ግን በአንድ ገበታ አንቀመጥም፣ ልጅ አንሰጣቸውም፣ ልጃቸውንም አናገባም። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎችም ለዘመናት በክፉ ስም ሲጠሩ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጆችን በሥራቸው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ሲኒው ግን አሁንም ጥግ ላይ አለ።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። የዚያን ቀን እኔ ራሴን እንደ መልካም አባት እቆጥር ነበር፤ ልጆቼ የእጅ ጥበብን እንዲያከብሩ እያስተማርኩ ነው ብዬ አስቤ ነበር። ያስተማርኳቸው ግን ሌላ ነው። ሸክላ ስንጫወትበት ጥበብ ነው፤ ሲኖሩበት ግን ውርደት ነው አልኳቸው፤ በአፌ ሳይሆን በሲኒ።

ዘዳግም 6፥7 የእግዚአብሔርን ቃል በቤት ስንቀመጥ፣ በመንገድም ስንሄድ ለልጆች እንድናስተምር ያዛል። እኔ ይህን ጥቅስ ለወላጆች ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ! ያላስተዋልኩት ግን ቤት ዝም ስንልም እንደሚያስተምር ነው። ልጅ የሚማረው ከምንነግረው ብቻ አይደለም፤ ማንን የት እንዳስቀመጥን፣ ለማን ምን እንደሰጠን እያየም ይማራል።

መጽሐፋችንስ ስለ ባለ እጆች ምን ይላል? ዘጸአት 31ን አንብቡ። ባስልኤል በእግዚአብሔር መንፈስ መሞላቱ የተነገረለት ለስብከት ወይም ለጦርነት አይደለም፤ በወርቅ፣ በብር፣ በናስ፣ በድንጋይና በእንጨት እንዲሠራ ነው። በዘጸአት 35፥34 ደግሞ እርሱና ኤልያብ ሌሎችን የማስተማር ስጦታ እንደተቀበሉ ይነገራል። ጳውሎስ ከአቂላ ጋር የኖረው ሙያቸው አንድ ስለነበረ ነው፤ ድንኳን ይሰፉ ነበር። በኤርምያስ 18 ነቢዩ ወደ ሸክላ ሠሪው ቤት እንዲወርድ ታዘዘ። የእግዚአብሔርን ቃል የሰማው እዚያ ሄዶ ሥራውን ካየ በኋላ ነው። የናዝሬት ሰዎችስ በጌታችን የተሰናከሉት በምን ነበር? ማርቆስ 6፥3 እንደሚነግረን ጸራቢነቱን በማንሣት ነው። እጁን አዩ፤ ጌትነቱን ሳያዩ ቀሩ። ሰውን በሙያው መናቅ እንግዲህ ትንሽ የባህል ጉዳይ አይደለም፤ ጌታን ራሱን ያሳለፈ ዕውርነት ነው።

አንዳንዶቻችሁ፣ “ጋሼ፣ ይህ ድሮ ቀረ፤ በቤተ ክርስቲያን አብረን እንዘምራለን፣ የጌታን እራት አብረን እንወስዳለን” ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን እሑድ አብሯችሁ የዘመረውን ወንድም ሰኞ ቤታችሁ ቡና ጠርታችሁት ታውቃላችሁ? እኅቱን ወንድማችሁ ላግባ ቢል ቤተሰባችሁ ምን ይላል? ፈተናው ያለው እዚያ ነው።

ሌላው ጥያቄ የበለጠ ከባድ ነው። “አባትና እናቴ እንዲህ ቢያደርጉ እኔ ምን ላድርግ? አክብር ተብዬአለሁ” ትላላችሁ። ልክ ናችሁ፤ በእንግዳ ፊት ወላጅን ማዋረድ ሌላ ንቀት ነው። ነገር ግን ሲኒ ስታቀርቡ ደኅናውን ለእንግዳው ስጡ፤ የተሸራረፈውን ለራሳችሁ ያዙ። ማንንም አልሰደባችሁም። የምትጠጡበትን ሲኒ የሚያይ ሁሉ ግን ይገባዋል።

እኔ ከሳምንት በኋላ ወደ እኚያ እናት ቤት ሄድኩ። “እናቴ፣ ስለዚያ ቀን ሲኒ ይቅርታ ያድርጉልኝ” አልኳቸው። ጭቃቸውን ማሸት አላቆሙም። “እኔ ለምጄዋለሁ ልጄ” አሉኝ፤ “ልጅህ ግን አልለመደችውም። እንዳታስለምዳት።”

ከዚያ ቡና አፈሉልኝ። ሲኒውን ስቀበል፣ አልዋሻችሁም፣ እጄ ለአፍታ ቆመ። ሠላሳ ዓመት የተማረው ነገር በአንድ ይቅርታ አይወጣለትም። ልጄ አጠገቤ ቆማ ታየኝ ነበር። ጠጣሁት። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም ጠጣሁ።

ለቡድናችሁ ውይይት አንድ ሐሳብ ልተውላችሁ። በዚህ ሦስት ወር ውስጥ ከባለ እጆች አንዱን ወይም አንዷን መምህር አድርጋችሁ ጋብዙ፤ ሸክላ፣ ሽመና ወይም የብረት ሥራ ተማሩ። ክፍያቸውን በሰዓቱ ስጡ። ሲጨርሱ አብራችሁ ብሉ። ከዚያ፣ ሲጠሯችሁ ወደ ቤታቸው ሂዱ። ከሁሉ የሚከብደው ይኸኛው ነው፤ የምንማረውም በዚያ ነው።

ጌታ ይርዳን።