ካሜራው ከቦርሳው ሳይወጣ

ለጉዞ ፎቶግራፍ ቦታ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ የሚያሰላው ብርሃንን ነው። ስሌቱም ተገቢ ነው። የታችኛው የኦሞ ሸለቆ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኑ ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወጣለች፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ የሚገኘው ለስላሳ ብርሃን ብዙ ሳይቆይ ያልፋል፤ 3 ሰዓት ካለፈ ከዐይን በታች የሚያርፈው ጥላ ፊትን ያጠቁራል። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ከጂንካ ማልዶ ይነሣል፤ የማጎን ፓርክ አቋርጦ ከሙርሲዎች መንደር ይደርሳል፤ አንሥቶና ከፍሎ ቀትር ሳይሆን ይመለሳል።

ክፍያው ብዙዎችን ያስቆጣል። «ባህላቸውን ሸቀጥ አደረጉት» ይባላል። ይህ ወቀሳ ለእኔ ሚዛን አይደፋም። ምስሉ በመጽሔት ሲሸጥ ጥበብ፣ የፊቱ ባለቤት ዋጋ ስትጠይቅ ግን ስግብግብነት የሚሆንበትን ሕግ ማን አወጣው? ሙርሲዎችን ለረጅም ዘመን ያጠኑት ዴቪድ ተርተን እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ጽሑፍ በርዕሱ ቱሪስቶቹን «ፎቶ የሚያነሡት ሰዎች» ይላቸዋል፤ ተመልካቹ ራሱ እንደ አንድ ነገድ ታየ ማለት ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው የእውነቱ ነገር ነው። የከንፈሩን ሸክላ ሴቶቹ ዘወትር አያደርጉትም፤ ይልቁንም ለባል ምግብ ሲያቀርቡና በሥርዐት ቀን የሚደረግ ጌጥ ነው። በመኪና የመጣውን እንግዳ ግን ሸክላው ብቻ ሳይሆን ቀንዱም ቅርጫቱም በራስ ላይ ተደርድሮ ይጠብቀዋል። ይህ ለእርሱ ተብሎ የተሰናዳ ነው። እርሱም «ዘመን ያልነካው ሕይወት» ብሎ ያትመዋል።

የሌንስ ምርጫም ከዚህ አይለይም። ባለ 300 ሚሊ ሜትሩ ከሩቅ ሳያስፈቅዱ ለመውሰድ ያመቻል፤ ባለ 35ቱ ግን ተነሺው «አይሆንም» ሊል በሚችልበት ርቀት ላይ ያቆማል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ቦታ ፍለጋ የሄደ ሰውም የመጀመሪያውን ቀን ካሜራውን ሳያወጣ ቢውል፣ መኪኖቹ ከተመለሱ በኋላ መንደሩ ምን እንደሚሠራ ቢያይ፣ ሕዝቡን ተከትሎ እስከ ኦሞ ዳርም ቢወርድ እላለሁ። (ጊዜ የለኝም የሚለው ምክንያት እዚያ ድረስ ለተጓዘ ሰው አያስኬድም።)

እንዲህ ያደረገ ሰው ቀድሞ በወንዙ ዳር ሙላቱ ሲሸሽ በተወው ጭቃ ላይ ማሽላ ሲዘራ ያይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የጊቤ 3 ግድብ ውኃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ያ ዓመታዊ ሙላት በቀድሞው መልኩ አይመጣም። ከዚያ በፊት በዚያ ያለፉት ካሜራዎች አብዛኞቹ ወደ ከንፈር ዞረው ነበር።