ታብሌቱ በማን እጅ ይሁን?

እ.ኤ.አ. በ2012 «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የታሸጉ ካርቶኖች ይዞ ወደ ሁለት የኦሮሚያ መንደሮች ሄደ። አንደኛው መንደር ወንጪ ነው፤ በእሳተ ገሞራው ሐይቅ አፋፍ ላይ ያለ ደጋ። ሁለተኛው ከአዳማ ወዲያ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ በወለንጪቲ በኩል የሚገኝ ቆላ ነው። በካርቶኖቹ ውስጥ ሞቶሮላ ዙም የተባሉ ታብሌቶች ነበሩ። በየመንደሩ ለ20 ያህል ሕፃናት ታደሉ። ልጆቹ ለአንደኛ ክፍል ቢደርሱም ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም፤ በመንደራቸው መጽሐፍ ቀርቶ የተጻፈ የመንገድ ምልክት እንኳ አልነበረም። አስተማሪ አልተመደበላቸውም። አዋቂዎቹ ታብሌቱን በፀሐይ ኃይል ቻርጅ ማድረግ ተማሩ፤ ከዚያ ውጭ መመሪያ የሰጠ ሰው የለም። በየሳምንቱ አንድ ባለሙያ እየመጣ የሜሞሪ ካርዱን ይቀይራል፤ ልጆቹ ምን ሲከፍቱና ሲዘጉ እንደሰነበቱ የሚታወቀው ከዚያ ካርድ ነበር።

የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ውጤቱን ሲናገር ብዙ ሰው ተደነቀ። እሱ እንዳለው፣ ካርቶኑን ከከፈቱት ልጆች አንዱ ማብሪያውን ያገኘው በ4 ደቂቃ ነው። በ5 ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 አፕሊኬሽን ይነካካ ነበር። በ2 ሳምንት የእንግሊዝኛን ፊደል በዜማ ይሉት ጀመር። በ5 ወር ደግሞ ተዘግቶ የተሰጣቸውን ካሜራ ራሳቸው መንገድ ፈልገው ከፈቱት። ከልጆቹ አንዱ በሥዕል መሥሪያው ላይ «አንበሳ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጽፎ ተገኘ።

እኔ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል። የገጠር ልጅ ከመሣሪያ ጋር አይግባባም ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። ነገር ግን ታሪኩ ከአገር አገር ሲዞር አንድ አደገኛ መደምደሚያ ተሸክሞ ነበር፤ ታብሌቱ ካለ መምህሩ ባይኖርም ልጁ ይማራል የሚል። ወሬው በደረሰበት ሁሉ፣ መምህር ለማሠልጠንና ለመቅጠር ገንዘብ ላጠረው ባለሥልጣን ይህ መልካም ዜና ይመስላል። አይደለም።

ፊደሉን ብቻ እንውሰድ። እነዚያ ልጆች በአካባቢያቸው ትምህርት ቤት ቢገቡ የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ነው። ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ ከታብሌቱ የለመዱት ቅርፅ ይጠቅማቸዋል። ድምፁ ላይ ግን ሌላ ነገር አለ። በእንግሊዝኛው ዜማ «ኤክስ» የተባለችው ፊደል በቁቤ «ጠ»ን ትወክላለች፤ «ሲ» የተባለችው ደግሞ «ጨ»ን። ይህን ልዩነት አስቀድሞ አውቆ፣ ልጁ ግራ ሲጋባ ከፊቱ አንብቦ «ይቺ በእኛ ቋንቋ እንዲህ ናት» የሚለው አጠገቡ የቆመ ሰው ነው። ደግሞም በወንጪም በወለንጪቲም ልጆቹ ብቻቸውን አልተማሩም። አንዱ ያገኘውን ለሌላው ያሳይ ነበር፤ ተሰብስበው፣ ተሻምተው፣ ተራርመው ነው እዚያ የደረሱት።

ይኸው ድርጅት በፔሩ ያደረገው ደግሞ በትልቁ ነበር። የፔሩ መንግሥት በመቶ ሺህዎች የሚቆጠሩ ላፕቶፖችን ለገጠር ተማሪዎች አደለ። የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ተመራማሪዎች 319 የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2012 አወጡ። በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ላፕቶፕ ያገኙት ካላገኙት አልተሻሉም።

እኛም የራሳችን ልምድ አለን፤ የሚያሳዝነኝ ተገቢውን ያህል ሳንማርበት መቅረታችን ነው። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሁሉ ፕላዝማ የተባለውን የቴሌቪዥን ትምህርት ያውቃል። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣ ነበር። ሐሳቡ ክቡር ነበር፤ የፊዚክስ መምህር በጠፋበት የወረዳ ከተማ ያለ ተማሪ አዲስ አበባ ያለው የሚያየውን ያያል። ክፍል ውስጥ የሆነው ግን ሌላ ነው። በስክሪኑ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ይፈጥናል፤ ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ሰኮንድ ጠብቆ መልሱን ራሱ ይናገራል። ተማሪው ገና ጥያቄውን እየገለበጠ ነው። የክፍሉ መምህር ደግሞ በመጀመሪያና በመጨረሻ ላይ የተተወለትን ጥቂት ደቂቃ ይዞ ጥግ ላይ ይቆማል። ተማሪዎቹ እንዳልገባቸው ፊታቸው ላይ እያነበበ ስርጭቱን ማስቆም አይችልም። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋል። ፕላዝማ ያንን መምህር ለማገዝ መጥቶ ከሥራው አፈናቀለው።

ስልክና ታብሌት ከፕላዝማ የሚሻሉት እዚህ ላይ ነው፤ ይቆማሉ፣ ወደኋላ ይመለሳሉ፣ ያለ ኔትወርክም ይሠራሉ። ጥያቄው ማን ይዟቸው፣ ለምን ሥራ የሚለው ነው። ለዚህ ከማውቃቸው ምላሾች ሁሉ ጠንካራው ከጎረቤታችን ከኬንያ የመጣ ነው።

በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በምትገኘው በኪሱሙ ካውንቲ ቤንጃሚን ፓይፐርና ባልደረቦቹ አንድ ጥናት አካሄዱ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። ትምህርት ቤቶቹ በዕጣ ተከፋፈሉ። በአንደኛው ወገን እያንዳንዱ ተማሪ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ አገኘ። በሁለተኛው ታብሌቱ ለመምህራን ተሰጠ። በሦስተኛው ተማሪውም መምህሩም ምንም መሣሪያ አላገኙም፤ ታብሌት የያዙት ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞሩ መምህራንን የሚደግፉት ሱፐርቫይዘሮች ነበሩ። ከዚህ ሁሉ በታች አንድ የጋራ መሠረት አለ፤ በደንብ የተዘጋጁ የንባብ መጻሕፍት፣ የመምህር መምሪያና ሥልጠና። በሦስቱም ወገን ያሉ ልጆች በእንግሊዝኛም በኪስዋሂሊም ንባባቸው ይህ ሁሉ ካልደረሳቸው የንጽጽር ትምህርት ቤቶች በብዙ በለጠ። በሦስቱ መካከል ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ወጪው ሲሰላ ለሱፐርቫይዘሮች ብቻ የሰጠው ከሁሉም ርካሹ ሆነ።

ይህን ውጤት ቀስ ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ልጅ ከተገዛ መሣሪያ የተገኘው ጥቅም ለአንድ ሱፐርቫይዘር ከተገዛው ብዙም ካልተለየ፣ የተረፈው ገንዘብ ስንት መጽሐፍ ይገዛል? የኬንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ የልማት ድርጅት ድጋፍ ቱሶሜ የተባለውን የንባብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ ሲጀምር የመረጠው ይህንን መንገድ ነው። ለልጆቹ የታተመ መጽሐፍ፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ። ለሱፐርቫይዘሩ ታብሌት። ሱፐርቫይዘሩ ክፍል ገብቶ ከኋላ ይቀመጥ ነበር፤ መምህሩ ትምህርቱን እንዴት እንደሚሰጥ እየተከታተለ በታብሌቱ ይመዘግብ ነበር። ከዚያ 3 ልጆች በዕጣ መርጦ ያስነብባቸው ነበር፤ በደቂቃ ስንት ቃል በትክክል እንዳነበቡ ታብሌቱ ይቆጥርለት ነበር። በመጨረሻም ከመምህሩ ጋር ተቀምጠው ስላዩት ነገር ይነጋገሩ ነበር። መሣሪያው ያለበትን ቦታም ስለሚመዘግብ የትራንስፖርት አበሉ የሚከፈለው በትክክል ለሄደበት ጉብኝት ነበር። ቀላል ይመስላል፤ ግን በሩቅ ትምህርት ቤት ዓመቱን ሙሉ ማንም የማይጎበኘው መምህር ሰው መጥቶ ሥራውን ሲያይለት ምን እንደሚሰማው አስቡት።

እኛ ዘንድ ይህ ሥራ ባለቤት አለው፤ የጉድኝት ማዕከል ሱፐርቫይዘር ይባላል። ብዙዎቹ ቅጽ ሞልተው ለወረዳ ሪፖርት ከማቅረብ ያለፈ ጊዜም መጓጓዣም የላቸውም። የሚገዛ ታብሌት ካለ መጀመሪያ ለእነሱ ይሰጥ እላለሁ፤ የመንገዱም ወጪ አብሮ ይታሰብላቸው።

መምህሩስ? የእሱ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ኪሱ ውስጥ አለ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ ስንት መምህር በገዛ ስልኩና በገዛ ካርዱ ለተማሪዎቹ መልመጃ በቴሌግራም ሲልክ ከርሟል። የክፍሉ በር ሲከፈት ስልኩ ወደ ኪስ ተመለሰ፤ ብዙ ቦታም ክፍል ውስጥ እንደ ነውር ይታያል። ተማሪዎች በየዴስኩ ስልክ ይዘው እንዳይቀመጡ መከልከሉን እኔም እደግፋለሁ። የመምህሩ ስልክ ግን የማስተማሪያ መሣሪያ ተብሎ ሊታወቅለት፣ የካርድ ወጪውም ከትምህርት ቤቱ በጀት ሊሸፈንለት ይገባል። በዚያ ስልክ የልጁን ንባብ ይቀዳል። በእረፍት ሰዓት ደግሞ መልሶ ያዳምጠዋል፤ ልጁ የትኛው ፊደል ላይ እንደሚደናቀፍ ይለያል፤ ከወር በኋላ እንደገና ቀድቶ ሁለቱን ለልጁም ለወላጁም ያሰማል። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል በቀን 3 ልጅ ቢያስነብብ በ20 የትምህርት ቀን ሁሉንም አዳርሶ ከመጀመሪያው ልጅ እንደገና ይጀምራል።